ለኦቲሊያ የሚቀርበው ሰማያዊ ሳህን

ሙስኪስ፣ ኮዋዊላ፣ ሜክሲኮ
ሴፕቴምበር 2 ቀን 1996

ለተከበሩ ዶኛ ዴልፊና ኦሮስኮ፣

ይህ ደብዳቤ በጤናና በሥራዎ ላይ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ለሞላው ሰው የሚገባውን ያህል ደህና ነኝ፤ የዳሌ አጥንቴ ግን ከጓሮው በር አልፌ እንድሄድ አይፈቅድልኝም።

የላኩልኝ ሣጥን ደርሶኛል። የልጄ ሽርጥ፣ መነጽሯና ፎቶግራፏ ሳይጎድሉ አግኝቻቸዋለሁ። ምስጋናዬን ሁለት ወር ማዘግየቴ ነውር በመሆኑ ይቅርታዎን እለምናለሁ። በየጠዋቱ ብዕር አነሣለሁ፤ «ልጄ ኦቲሊያ» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል አጣዋለሁ። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ምግብ ቤቷን ለማየት አንድ ቀን እንኳ ለምን እንዳልመጣሁ ጠይቀውኛል። ለዚህ ጥያቄ ዛሬ መልስ የለኝም፤ ይታገሱኝ።

አሁን የምጽፍልዎ ልመና ይዤ ነው። ባለቤቴ አምፓሮ ካረፈች ስምንት ዓመት ሆኗታል። ኖቬምበር 2፣ የሙታን ቀን፣ በደረሰ ቁጥር፣ ከደቡብ፣ ከእናቷ አገር ይዛው በመጣችው ወግ መሠረት ገበታዋን አሰናዳለሁ። ፎቶግራፏን፣ ሻማውን፣ ውኃውን፣ ጨውና አበባውን አኖራለሁ፤ መሐሉ ላይ የምትወደው የዶሮ ሞሌ፣ ጎረቤቴ የምታበስልልኝ ወፍራም የበርበሬ ወጥ፣ ይቀመጣል። ሙታን መንገዱን የሚያገኙት በመዓዛ እንደሆነ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ በሕይወታቸው የወደዱት ምግብ መዓዛ ካልጠራቸው ደጃፉን አልፈው ይሄዳሉ። በማግሥቱ ሞሌውን ስቀምሰው ጣዕሙ የለም፤ ውኃ ውኃ ይላል። መጥታ እንደበላች የማውቀው በዚህ ነው።

ዘንድሮ ሁለተኛ ሳህን ያስፈልገኛል፤ ነገር ግን ልጄ ምን መብላት ትወድ እንደነበር አላውቅም። ከቤቴ የወጣችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እስከዚያ ድረስ የቀረበላትን ትበላ ነበር፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። እርስዎ በአንድ ምድጃ ፊት አሥራ ሰባት ዓመት አብረዋት ቆመዋል፤ ስለዚህ እርስዎን እጠይቃለሁ። ምን ትወድ ነበር? በሕይወቷ ሳለች ይህን ደጃፍ ትታው ሄዳለች። ከሞተች በኋላም አልፋው እንዳትሄድ እፈራለሁ።

አንድ አደራ ብቻ ልጨምር፤ እውነተኛ ምግብ ይሁን። በምግብ ቤታችሁ ለመንገደኛ የሚሸጠውን ማለቴ አይደለም።

በአክብሮት፣
ኤቫሪስቶ ሳንቶስኮይ፣ ጡረተኛ መምህር


ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ
ሴፕቴምበር 12

ለመምህር ዶን ኤቫሪስቶ፣

የእጅ ጽሑፌን ይቅር ይበሉኝ። ኦቲሊያ «ለአባቴ የምትጽፊ ቀን ነጥቦቹን እንዳትረሺ፤ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ነው ደብዳቤ የሚከፍተው» ትለኝ ነበር። ያጎደልኩት ካለ እርስዎ ይሙሉበት።

ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽዎትም። ምግብ ቤቱ ክፍት ነው፤ ሰው ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። የእሷን ማንኪያ ግን እስከ ዛሬ የሚነካው የለም፤ ከተሰቀለበት ነው።

ጥያቄዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ሞሌ ትወድ ነበር» ብዬ ብጽፍልዎ እርስዎ ደስ ይልዎታል፤ እኔም በአንድ መስመር እገላገላለሁ። ግን ለሞተ ሰው ውሸት አይበሰልም።

ግራ የገባኝ ደግሞ እኔን መጠየቅዎ ነው። እርስዎ እኮ በልተውታል! ምግብ ቤቱ በተከፈተ በስድስተኛው ወር፣ በ1980 ሜይ ላይ፣ በሰማያዊው ሳህን ያመጣችልዎን ኤንቺላዳ፣ ያን ፎርማጆ የተጠቀለለበት የበቆሎ ቂጣ፣ ረሱት? ንጋት ላይ ተነሥተን አብረን ነው የጠቀለልነው። በማግሥቱ ጠዋት ባዶውን ሳህን ታቅፋ ገባች። «እሺ?» አልናት። «ምን እሺ ትሉኛላችሁ? ሳህኑን አታዩም? ጠራርጎ!» አለች። ዕቃ አጣቢዋ ቶማሳ «ያ ኮስታራው አባትሽ?» ስትላት፣ «እሱ ራሱ! ሳህኑን መላስ ነው የቀረው» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህኑን ከምድጃው በላይ ሰቀለችው፤ ማንም እንዲያበስልበት አልፈቀደችም። ደንበኛ ምግቧን ሲነቅፍባት በማንኪያዋ ወደ ሳህኑ ትጠቁምና «ወንድሜ፣ ካንተ የባሰ ሰው ጨርሶታል» ትለዋለች።

እናም መምህር፣ የምትወደው ያው የበሉት ነው። ጣዕሙን ለእርስዎ መንገር ለእኔ አይገባም።

ዴልፊና


ሙስኪስ
ሴፕቴምበር 21

ለተከበሩ ዶኛ ዴልፊና፣

ደብዳቤዎ በደህና ደርሷል። የጎደለ ነጥብ የለውም።

ስለ ሰማያዊው ሳህን የጻፉትን አንብቤያለሁ። ስለ እሱ አሁን አልጽፍም።

ያን ምግብ በገበታው ላይ ማኖር ግን አልችልም። አምፓሮ ሞሌዋን ለማዘጋጀት ሦስት ቀን ይፈጅባት ነበር፤ በርበሬውን አንድ በአንድ ታምሳለች፣ በድንጋይ ትፈጫለች፣ ማንም እንዲያግዛት አትፈቅድም። ከዚያ ጎን በስንዴ ዱቄት የወፈረ ስጎ፣ ከሙን እንደ አሸዋ የተበተነበት፣ በካርቶን የሚሸጥ ቢጫ ፎርማጆ የፈሰሰበት ሳህን እንዴት ላስቀምጥ? ከድንበሩ ወንዝ ወዲህ ያለን ሰዎች ያን ምግብ «የእኛ ነው» አንለውም፤ ከወንዙ ወዲያ ያሉት ደግሞ «የእናንተ ነው» ይሉናል።

ምሳዬን በየቀኑ የምታመጣልኝ ጎረቤቴ ዶኛ ብሩና ይህን ስነግራት ሳህኖቹን እየሰበሰበች፣ «ልጅቷ እኮ ሞታለች፣ ዶን ኤቫሪስቶ! አሁንም ፈተናዋን እያረሙ ነው?» አለችኝ። «አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አልኳት። «ማንም። በሩ ላይ ደርሳ የምትመለሰው እኔ አይደለሁም፣ ምን አገባኝ» ብላ ወጣች።

ሌላ ምግብ እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ። ከእናቷ እጅ የበላችውና የናፈቃት ነገር አይጠፋም።

ሌላም የምጠይቅዎ አለ። ሞቷን የጻፉልኝ ከቀብሯ አሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ለምን? የምጠይቀው ተቆጥቼ አይደለም፤ ማወቅ ስለምፈልግ ነው።

ኤቫሪስቶ ሳንቶስኮይ


ሳን አንቶኒዮ
ሴፕቴምበር 30

መምህር፣

ተቆጥቻለሁ፤ ስለዚህ ደብዳቤዬ አጭር ይሆናል ብዬ ነበር። አልሆነም።

ኤፕሪል ላይ ሐኪሞቹ እጃቸውን ሲሰበስቡ «ለአባትሽ ልጻፍለት» አልኳት። «አትጻፊለት» አለችኝ። «ምነው?» ስላት፣ «ከተጠየቀ አልመጣም ይላል፤ ካልተጠየቀ ግን እምቢ አላለም። እንደዚሁ ይዤው ልሂድ» አለች። ቃል አስገባችኝ። አሥራ ሁለት ቀን የፈጀብኝ ያን ቃል ለማፍረስ ነው። አሁን ዐወቁ።

ሌላ ምግብ አስታውሺ አሉኝ። አስታወስኩ። ሞሌ ሲሸታት እናቷ ትዝ ትላትና ታለቅሳለች፤ ስለዚህ አትነካውም ነበር። የምትበላው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ የምሳው ሰው ሲወጣ ነው። ከትልቁ መጋገሪያ ጥግ፣ ፎርማጆው ያረረበትን ጠርዝ በጣቷ ትልጥና ቆማ ትበላለች። «እንደ ሰው ቁጭ ብለሽ ብዪ!» እላታለሁ። «ቁጭ ካልኩ አባቴ ጀርባሽን አቅኚ የሚለኝ ይመስለኛል» ትላለች። በየቀኑ። ሌላ ምግብ ሠርቼ ባቀርብላት ለቶማሳ ትሰጣታለች።

ለምን ይህን እንደወደደችው ጠይቄያት ነበር። ሳን አንቶኒዮ በገባች በሦስተኛው ቀን ተርባ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ አንዲት የማታውቃት ሴት ይህንኑ በወረቀት ሳህን ሰጥታት ሄደች። «የማን ልጅ ነሽ እንኳ አላለችኝም» አለች። «ስም የሌለው ምግብ ነው ይሉታል አሉ፤ እኔም ያን ቀን ስም አልነበረኝም።»

ሜይ ላይ መዋጥ አቃታት። «ዴልፊና፣ ጋግሪልኝ» ትለኛለች። «ማን ሊበላው?» ስላት፣ «አፍንጫዬ» ትላለች። ከክፍሏ አጠገብ እጋግራለሁ፤ ዓይኗን ጨፍና ታሸታለች። እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ እንዲያ ነበር።

እኔም እዚህ ገበታ አሰናዳለሁ። የእኔን መንገድ ታውቀዋለች። እርስዎ ጋ ሞሌ ብቻ ከሸተታት በደጃፍዎ አልፋ ወደ እኔ ትመጣለች፤ እኔም «ወደ አባትሽ ሂጂ» ብዬ አልመልሳትም። መጥቼ ፊት ለፊት ብነግርዎ ይሻለኝ ነበር፤ የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለኝ የድንበሩን ድልድይ ከተሻገርኩ መመለሻ የለኝም።

በልተውት የለም ወይ? ጨርሰውት የለም ወይ? ታዲያ አሁን ምንድን ነው የሚያሳፍርዎ?

ዴልፊና


ሙስኪስ
ኦክቶበር 9

ዶኛ ዴልፊና፣

የጠየቁኝን እመልሳለሁ። ካነበቡ በኋላ ሊጽፉልኝ ባይወዱ አልቀየምዎትም።

አልበላሁትም።

በዚያ እሑድ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርና የሰበካው ቄስ ምሳ ተጋብዘው ነበር። ኦቲሊያ ሳህኑን በሁለት ፎጣ ጠቅልላ ገባች፤ አምስት ሰዓት ያህል በአውቶቡስ ጭኗ ላይ ይዛው መጥታ ገና ለብ ያለ ነበር። ጠረጴዛው መሐል አኖረችውና ፎጣውን ገለጠች። «አባባ፣ ከእኔ ቤት ነው» አለች። ያን ቃል እንዴት አድርጋ እንዳለችው የሚሰማኝ አሁን ነው። ርእሰ መምህሩ ቢጫውን ነገር አይቶ ፈገግ አለ። በፈገግታው አፈርኩ። «ይህ የሜክሲኮ ምግብ አይደለም፤ የቴክሳስም አይደለም። ስም የሌለው ምግብ በቤቴ አይበላም» አልኩ። አምፓሮ «ተው፣ ኤቫሪስቶ» አለችኝ። አልተውኩም። ተነሥቼ ሳህኑን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ከውሻችን ከሱልጣን ፊት አስቀመጥኩት።

ሱልጣን ጠራርጎ በላው። ልጄ የዋሸቻችሁ ማን እንደበላው ብቻ ነው።

ሳህኑን በጓሮው ቧንቧ አጠበችው፣ አደረቀችው፣ በዚያው ፎጣ ጠቀለለችው። «እንግዶችዎን አያስጠብቁ፣ አባባ» ብላኝ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። አምፓሮ አርባ ቀን አላነጋገረችኝም፤ በአርባ አንደኛው ቀን «ምነው ቀምሰኸው ቢሆን» አለችኝ። ስለዚያ ቀን እስክትሞት ድረስ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው።

አሠራሩን ይጻፉልኝ። ዶኛ ብሩና «እኔ እሠራልዎታለሁ» ብላኛለች፤ ነገር ግን በገዛ እጄ መሥራት አለብኝ። እስከ ዛሬ እንቁላል እንኳ ጠብሼ ስለማላውቅ ከመጀመሪያው ያስረዱኝ። ይቅርታ አልጠይቅዎትም፤ እሱን መስጠት የምትችለው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች።

ኤቫሪስቶ


ሳን አንቶኒዮ
ኦክቶበር 19

መምህር፣

የመጀመሪያውን መልሴን ቀደድኩት። ሁለተኛውንም። በዚህኛው ውስጥ ደግነት ቢያጡ አይፍረዱብኝ።

ለኩሽናው ሰዎች ምንም አልተናገርኩም። ትናንት ቶማሳ ምግብ ያስተረፈ ደንበኛ አይታ «እንደ ዶን ኤቫሪስቶ ብላ እንጂ!» ስትለው ሰማኋት። ዕቃ ቤት ገብቼ በሩን በላዬ ዘጋሁ። ያን ሳህን በየቅዳሜው ስወለውል አሥራ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ።

አሁን አውርጄ ልኬልዎታለሁ። ሮሄልዮ የሚባለው የአውቶቡስ ሾፌር ያደርስልዎታል፤ ፎርማጆው፣ በርበሬውና ከሙኑ በውስጡ ናቸው።

የአሳማ ስቡን ያቅልጡ፤ ዱቄቱን ጨምረው ያማስሉ። ከምድጃው እንዳይርቁ፤ በር ቢንኳኳም አይክፈቱ። መልኩ የቆዳ ቀበቶ ሲመስል በርበሬውንና የተወቀጠውን ከሙን ያግቡበት፤ ወዲያው የሥጋ መረቅ በጥቂት በጥቂቱ ያፍስሱ፤ ካዘገዩት ይመርራል። የበቆሎ ቂጣዎቹን አንድ በአንድ በትኩስ ዘይት ነክረው ሦስት እስኪቆጥሩ ድረስ ብቻ ያቆዩአቸው፤ ካልለሰለሱ ሲጠቀለሉ ይሰበራሉ። ፎርማጆና የተከተፈ ሽንኩርት አድርገው ይጠቅልሉ፣ በሳህኑ ይደርድሩ፣ ስጎውን ያልብሱ፣ የቀረውን ፎርማጆ ከላይ ይበትኑ። ከዚያ ኦቨን ውስጥ ጠርዙ እስኪያር ይተዉት። ሌላው ሰው ከማረሩ በፊት ያወጣዋል። እርስዎ አያውጡት።

እኔ ዘንድሮ ለእሷ ሳህን አላኖርም። መዓዛው ከሁለት ወገን ከጠራት ታመነታለች፤ ለአባቷ እንዳታመነታ ነው። ሻማ ብቻ አበራለሁ። መሄጃዋ አንድ ይሆናል፤ የእርስዎ ቤት። ይህን የማደርገው ለእርስዎ ብዬ አይደለም። አሥራ ስድስት ዓመት የዋሸችውን ውሸት ስለማውቅ ነው፤ ምን ያህል እንደፈለገችው ስለማውቅ።

በማግሥቱ ሲቀምሱት ጣዕሙ ሄዶ እንደሆነ ይጻፉልኝ። ሌላ ነገር አይጻፉልኝ። መጥታ እንደሆነ ብቻ።

ዴልፊና


ሙስኪስ
ኖቬምበር 5

ዶኛ ዴልፊና፣

አንድ ነገር ብቻ እንድጽፍ አዘውኛል። እዚያ ከመድረሴ በፊት ጥቂት መስመር ይፍቀዱልኝ፤ ምክንያቱን ሲደርሱበት ያገኙታል።

ሳህኑና በውስጡ ያለው ሁሉ በደህና ደርሷል። የመጀመሪያው ዱቄት አረረብኝ። ዶኛ ብሩና ወንበር ይዛ ኩሽናው በር ላይ ተቀምጣ «ያማስሉት እንጂ አያንብቡት!» ትለኛለች። «ቀበቶ ነው የሚለው፤ የትኛው ቀበቶ?» አልኳት። «የታጠቁት! ጎንበስ ብለው ይዩት!» አለች። «የእኔ ጥቁር ነው» ብላት፣ «ድስቱም ጠቁሮልዎታል፤ ይድፉትና ሌላ ይጀምሩ» ብላ ሳቀች። የሞቷ ወሬ ከደረሰኝ ከጁን ወዲህ በዚህ ቤት የተሰማው ሳቅ ያ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተሳካ። ከቂጣዎቹ ሁለቱ ተሰበሩ፤ ከታች ደበቅኳቸው። ዶኛ ብሩና ማንኪያ ይዛ «ጨውን ልቅመስልዎ፤ ወይ ራስዎ ይቅመሱት» ስትለኝ ከለከልኳት። አምፓሮ ያስተማረችኝ ወግ ለሙታን የሚቀርብ ምግብ ከእነሱ በፊት በሕያው አፍ እንዲነካ አይፈቅድም። በማንኪያ ጫፍ እንኳ አልነካሁትም። ሥርዓቱን ከዳር እስከ ዳር ጠበቅኩ። ጠርዙ ሲያር ከኦቨኑ ፊት ቆሜ ነበር፤ ላወጣው እጄ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ።

አምፓሮን በግራ፣ ኦቲሊያን በቀኝ አደረግኳቸው። ሽርጧን አጥፌ ከፎቶግራፏ ሥር አኖርኩት። ቆማ እንደምትበላ ስለጻፉልኝ ወንበር አላቀረብኩላትም። የፊቱንም የጓሮውንም በር ቀኑን ሙሉ ከፍቼ ዋልኩ።

በማግሥቱ መጀመሪያ ሞሌውን ቀመስኩ። እንደ ወትሮው ጣዕሙ የለም። አምፓሮ መጥታለች።

ከዚያ ወደ ሰማያዊው ሳህን ዞርኩ። ከጥጉ ላይ ያረረውን ጠርዝ በጣቴ ልጬ፣ ቆሜ በላሁ።

ይጣፍጣል፣ ዶኛ ዴልፊና። እንዲህ ያለ ነገር በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ አፌ አልገባም። ያረረው መራራ ነው፣ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ነው፣ ሽንኩርቱ ገና ይኮረኩራል። ደገምኩ። ሠለስኩ። በጣፈጠኝ ቁጥር ፈራሁ፤ ግን ማቆም አልቻልኩም። ዶኛ ብሩና ከበሩ «እንዴት ነው?» አለችኝ። «ይጣፍጣል» አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። «ጣዕሙ ሙሉ ነው?» አለች። «አላውቅም።» «እንዴት አያውቁም? ከበፊቱ ጋር ያስተያዩት እንጂ!» አለችኝ።

እኔ በፊት የለኝም።

እንግዲህ የጠየቁኝን ልነግርዎ አልችልም። ሳትነካው አልፋ ሄዳ እንደሆነ አላውቅም፤ መጥታ በልታ፣ የተረፈኝ እንኳ ይህን ያህል የሚጣፍጥ እንደሆነም አላውቅም። ይህን ለመለየት አስቀድሞ አንድ ጉርሻ ያስፈልግ ነበር፤ ያ ጉርሻ በዚያ እሑድ እጄ ላይ ነበር። እርስዎ ቢሆኑ በአንድ ንክሻ ባወቁት ነበር፤ እርስዎ ደግሞ ድልድዩን መሻገር አይችሉም። ለመጪው ዓመት አቆየዋለሁ እንዳልል ዕድሜዬን ያውቁታል።

የእርስዎን ገበታ ባዶ ያስቀረሁት ለዚህ ሆነ። ይህንንም ዕዳ ዐውቄ ጽፌዋለሁ።

ሳህኑን በጓሮው ቧንቧ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በሁለት ፎጣ ጠቅልዬ ለሮሄልዮ ሰጥቼዋለሁ። ከምድጃው በላይ መስቀልም አለመስቀልም የእርስዎ ፈንታ ነው። ቶማሳ ከጠየቀችዎ ግን አባቷ ጠራርጎ በላው ብለው ይንገሯት።

ኤቫሪስቶ ሳንቶስኮይ